ስለ አብቲ ሀናድ አልጋ፦ ለጥቅም አስጠባቂው ቦርድ የተላከ

ለአቅመ ውስን አዋቂዎች ጥቅም አስጠባቂ ቦርድ፤
ለክቡር ሰብሳቢው ለጋሽ ጢሞቴዎስ፣ ለክብርት ጸሐፊዋ ለወይዘሮ አሰገደች፣ ለተከበሩት የአገር ሽማግሌና የቦርድ አባል ለሐጂ ወርሳሜ፤
ድሬዳዋ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የሦስታችሁንም ጤንነት እጠይቃለሁ። በዚህ በግንቦት ሙቀት የደም ግፊታችሁ ከፍ እንዳይል፣ ወገባችሁ እንዳይያዝ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ ቬንትሌተራችሁ እንዳይቆም፣ ከስብሰባ ስትወጡም ባጃጅ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቃችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እናንተ ጤና ካጣችሁ ማን ያስብልናል? የሚያስብልን ከጠፋ ደግሞ በሰላም መኖር ልንጀምር እንችላለንና ይህ እንዳይሆን እግዜርም አላህም ይጠብቃችሁ።

ስሜ ፊርዶስ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም ከክቡር ሰብሳቢው ግቢ በአንድ ግንብ ብቻ በሚለይ ቤት ነው። እንደምታውቁት እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው። ጋሽ ጢሞቴዎስንም አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤታችን ከላኩ ወዲህ ግን «እርስዎ» ማለት ጀምሬያለሁ። በሰፈራችን «እርስዎ» የሚባለው የተቀየሙት ሰው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አክብሮት በዝቶ ብታገኙት ምክንያቱን አትጡት።

ጉዳዬ የአብቲ ሀናድ ጉዳይ ነው። አብቲ ማለት በሶማልኛ የእናት ወንድም ነው፤ ሐጂ ወርሳሜ ለሌሎቹ ያስረዱልኛል። አብቲ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ማንበብ አይችልም፣ ገንዘብ መቁጠር አይሆንለትም፣ ሲደነግጥም ቃል ይጠፋበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ትንሽ ሲለዝብ ጀሪካኑን ይዞ መጋላ ገበያ ይወርድና በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳና በሱቆቹ ደጃፍ ውሃ እየረጨ አቧራውን ያስተኛል፣ ምድሩን ያቀዘቅዛል። እነሱም ሻይ በወተት ያጠጡታል፣ ሳምቡሳ ያጎርሱታል፣ «ሀናዴ፣ እዚህ ጋ ረሳህ እኮ!» እያሉ ይጠሩታል። ሲመሽ ይመጣል፣ ይበላል፣ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር ሽቦ አልጋው ላይ ይተኛል። እንዲህ ነው የሚኖረው። እናንተ እስክታዝኑለት ድረስ ማንም አዝኖለት አያውቅም ነበር።

እናንተም መጣችሁ፣ አያችሁ፣ ሄዳችሁ። ከሳምንት በኋላ «ተጠባቂው ለአደጋ የተጋለጠ በመሆኑ፣ ለራሱ ጥቅም ሲባል፣ ደጋ ላይ ወደተገነባው አዲስ ማእከል እንዲዛወር» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለእናቴ ለዓናብ ደረሳት። የፊታችን ሐሙስ በስብሰባ ታጸድቁታላችሁ፤ ቅዳሜ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ማእከሉ ሊመረቅ ስለሆነ አልጋዎቹ ባዶ ሆነው እንዳይታዩ ሰው እየተለቀመ ነው የሚል ወሬም ሰምተናል። እኛ ግን አላመንንም። ለሠርግ ወንበር ሲጎድል ከጎረቤት ወንበር ይዋሳሉ እንጂ ሰው የሚዋስ የት አገር አለ ብለን ወሬኛውን ከግቢ አስወጥተነዋል።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ቀላቅዬ በቁጥር አቀርባለሁ። የትኛው ምስጋና፣ የትኛው ቅሬታ እንደሆነ መለየት ለክቡራን አይከብድም።

፩ኛ. ስለ መጣችሁበት ሰዓትና ስለ ጠየቃችሁት ሰው።

የመጣችሁት ምሳ ተበልቶ ከተማው ሁሉ በተጋደመበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ባጃጅ ሥር በሚገባበት ሰዓት ነው። በድሬ በዚያ ሰዓት ሰው ቤት የሚመጣው ወይ መርዶ ነጋሪ ነው ወይ ቦርድ፤ የእኛ ዕጣ ሁለቱም ሆነ። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃዋ ላይ ነበረች። ወይዘሮ አሰገደች ግቢውን አየት አድርገው «ትልቅ ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ። እኔም ወደ ሽቦ አልጋው እየጠቆምኩ «አለ፤ ያውላችሁ ጋደም ብሏል፤ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው» አልኩ። «አይ አንቺ፣ የሚያናግረን ትልቅ ሰው ነው የምልሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ፦ ይበላል? ይታጠባል? ይማታል? ሌሊት ይጮኻል? ፍየል ገበያ የሚወርድ ሰው እንኳ ባለቤቷን ከመጠየቁ በፊት ፍየሏን አንዴ ዓይኗን ያያታል። አብቲ ያን ጊዜ አልተኛም ነበር። ዓይኑን ከፍቶ የኒሙን ቅጠል እያየ እያንዳንዷን ጥያቄ ይሰማ ነበር።

ስለ አርባ ሁለት ዓመት ሰው ኑሮ ለመረዳት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መምረጣችሁ በወጣቱ ትውልድ ላይ ያላችሁን እምነት ስለሚያሳይ አመሰግናለሁ። ከስማችሁ ላይ ግን «አዋቂዎች» የሚለውን ቃል ብታወጡት ሳይሻል አይቀርም፤ አዋቂው ፊታችሁ ተጋድሞ አዋቂ አጣን ብላችሁ በእኔ ተብቃቅታችኋልና።

፪ኛ. ስለ አልጋው።

ውሳኔያችሁ «ተጠባቂው ከቤት ውጭ፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ እንዲያድር ተደርጎ ተገኝቷል» ይላል። ይህን የደጋ ሰው ቢያነበው እንባ ይተናነቀዋል። የድሬ ልጅ ስትሆን ግን የሚያንቅህ ሳቅ ነው። ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ከተማ በግንቦት ቤት ውስጥ የሚተኛ ማነው? ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት በላያችን ላይ ሲተፋው፣ አቅም ያለው አልጋውን፣ አቅም የሌለው ምንጣፉን ይዞ ግቢ ይወጣል። ሀብታምም ይወጣል፣ ሙሽራም ይወጣል፣ አራስም ትወጣለች።

ክቡር ሰብሳቢም ይወጣሉ። አልጋዎ ግንቡ ሥር፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነው፤ አጎበርዎ ሰማያዊ ነው፤ በግርጌ በኩል ያለችውን ቀዳዳ በወገብ ማስታገሻ ፕላስተር ለጥፈዋታል። ሆን ብዬ አይቼ አይደለም፤ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ ስወጣ ታይቶኝ ነው። ስለ ማንኮራፋትዎ ምንም አልልም፤ የኛ ቤት ሕፃናት ያለ እሱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ግን በምስጋና መልክ ይመዝገብልኝ። እንግዲህ በዚያ ውሳኔ ላይ የሀናድን ስም አውጥተው የእርስዎን ስም ቢያስገቡበት ከዚህ በቀር አንዲት ፊደል መቀየር አያስፈልግም። ቤተሰብዎ ገፍቶ አስወጥቶዎት ከሆነም አይፈሩ፣ ይንገሩን፤ ባለቤትዎን እናነጋግርልዎታለን። ካልሆነም ማእከሉ አለ። ደጋ ስለሆነ ጋቢ ይያዙ።

የሆነውን መገመት አይከብደኝም። «ጣሪያ ሥር ያድራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያዘጋጀው በሰኔ ወር ሁለት ብርድ ልብስ የሚደርብ የደጋ ሰው ነው። እናንተም ጥያቄው ከበላይ ስለመጣ «አያድርም» ብላችሁ መለሳችሁ፣ አዘናችሁ፣ ፈረማችሁ፣ ከዚያ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ ውጭ ተኛችሁ።

፫ኛ. ስለ ጫማው።

«ተጠባቂው በጎብኚዎች ላይ ውሃ በመድፋት ጠበኛ ባሕርይ አሳይቷል» ተብሏል። ወይዘሮ አሰገደች፣ ጫማዎ መርጠቡ እኔንም አሳዝኖኛል፤ የሚያምር ጫማ ነበር። ነገር ግን የሆነው ይህ ነው፦ አብቲ ከአልጋው ተነስቶ፣ እንግዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ አይቶ፣ ጀሪካኑን አነሳና እግራችሁ ሥር ያለውን የጋለ መሬት ረጨላችሁ። ከዚያ የበለጠ እንግዳ መቀበያ አያውቅም። በሕይወቱ ለማንም የሰጠውን ትልቁን ክብር ነው የሰጣችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጠብ ብላችሁ ጻፋችሁት።

ሁለታችሁ ባታውቁ አይፈረድባችሁም። ሐጂ ወርሳሜ ግን የጨርቅ ሱቅ ያላቸው መጋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸውን የሚረጨው ማን እንደሆነ እሳቸውም፣ ደንበኞቻቸውም፣ በረንዳው ላይ የምትተኛው ድመትም ያውቃሉ። ያን ቀን ግቢያችን ቆመው፣ ሀናድ ጀሪካኑን ሲያነሳ እያዩ፣ ወይዘሮ አሰገደች «ኧረ ሰውዬው ሊመታን ነው!» ብለው ሲጮኹ እየሰሙ፣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ጸሎቱ እስካሁን አላለቀ ይሆናል፤ አንድ ቃል አልወጣቸውምና።

፬ኛ. ይህን ቁጥር እናቴ አንብባ «ወላሂ ፊርዶስ፣ ይሄንንማ አታወጪውም!» ስላለች ተሰርዟል። እንደገና ስለ ወይዘሮ አሰገደች ነበር። ጫማን አይመለከትም።

፭ኛ. በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ስለሆነ «ጥበቃ የለውም»፣ እራቱን አንዳንዴ ጎረቤታችን ዱኒያ ጋ ስለሚበላ ደግሞ «ከቤቱ በቂ ምግብ አያገኝም» ብላችኋል። በሩ ክፍት የሆነው ሰው እንዲገባ ነው፤ ለዚህም ማስረጃው እናንተ ሳታንኳኩ ገብታችሁ መገኘታችሁ ነው። ስለ እራቱ ዱኒያ ራሷ ሐሙስ መጥታ ልታስረዳችሁ ፈልጋለች። ድምፅዋን ስለምታውቁት በመስኮቱ መስታወት ሥር እንዳትቀመጡ በትሕትና አሳስባለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በቁጥር አይነገርም።

ወረቀቱ የመጣ ዕለት እኔ ስስቅ እናቴ አልሳቀችም። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ተነስታ ሽቦ አልጋውን ብቻዋን እየጎተተች ወደ ውስጥ አስገባችው። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «ይወስዱብኛል እኮ! ውስጥ ከተኛ ምን ይላሉ?» አለች። አብቲም የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ገብቶ ተኛ። ማለቴ ገብቶ ተጋደመ፤ እንቅልፍማ ከየት ይመጣል? በጥቂት ቀን ውስጥ ጀርባው በሙቀት ሽፍታ ተሸፈነ፤ ቀን ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ ማንቀላፋት ጀመረ።

ይህም ባልከፋ። በእኛ ቤት በግንቦት ወደ ክፍል እንዲገባ የሚደረገው የተቀጣ ልጅ ብቻ ነው፤ አብቲም ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ አያቴ የምትቀጣው እንዲያ ነበር። ስለዚህ እንደተቀጣ ገባው። ምን እንዳጠፋ ግን ማንም አልነገረው፤ እኛም እንዳላጠፋ ብንነግረው አልገባውም። ጠዋት ተነስቶ ጥፋቱን ፍለጋ ወጣ። እኔን «የሰበርኩት ብርጭቆ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዱኒያን ይቅርታ ጠየቃት። መንገድ ዳር የቆመውን ባጃጅ ነጂ ይቅርታ ጠየቀው። መጋላ ወርዶ ልብስ ሰፊዎቹን አንድ በአንድ፣ በየስፌት መኪናቸው ፊት እየቆመ፣ ይቅርታ ጠየቃቸው። እነሱም «ምን አድርገህ፣ ሀናዴ? ምን ሆነሃል?» እያሉ ግራ ተጋቡ።

ከዚያ ሐጂ ወርሳሜ ሱቅ ደረሰ። ሐጂ፣ ያን ቀን ደጃፍዎ ላይ ቆሞ እርስዎንም ይቅርታ ጠይቆዎታል። ምን ብለው እንደመለሱለት ከጎንዎ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ሰምተው ነግረውናል። እጅዎን ራሱ ላይ ጭነው «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለውታል።

ፈርመው እንዲወሰድ ያስወሰኑበትን ሰው ይቅር ስላሉት ከልብ እናመሰግናለን። እንዲህ ያለ ትልቅ ልብ ባይኖርዎት ኖሮ የአገር ሽማግሌ አይሆኑም ነበር።

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ውስጥ ገባችና የአልጋውን ራስጌ ያዘች፤ እኔ ግርጌውን ያዝኩ፤ መልሰን ኒሙ ሥር አወጣነው። አብቲም «ይቅር አላችሁኝ?» አለና ተኛ። እስከ ረፋድ ተኛ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ክቡራን፣ አቋማችንን በአክብሮት ላሳውቃችሁ። አልጋው ካለበት አይነሳም። ሐሙስ በስብሰባችሁ አብቲ ሀናድ በእግሩ ይመጣል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እናቴ ከፈረቃዋ ፈቃድ ወስዳ፣ እኔ ከክፍል ቀርቼ (ለርእሰ መምህሩ «በቦርድ ተጠርቼ ነው» ስለምል እንዳታሳፍሩኝ)። ለእሱ የምታዘጋጁት ወንበር ከእናንተ ፊት ለፊት ይሁን እንጂ ከኋላችን ጥግ ላይ አይሁን። ጥያቄያችሁን እሱን እያያችሁ ጠይቁት። ሲደነግጥ ቃል እንደሚጠፋበት ነግሬያችኋለሁና መልሱ ቢዘገይ ወደ እኔ አትዙሩ፤ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የምቀመጠው። ቃሉ እስኪመጣለት ሻያችሁን ጠጡ። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ስትወስኑ ያን ያህል ጊዜ አልፈጀባችሁም፤ ያተረፋችሁትን ጊዜ ለዚህ አውሉት።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ብታጸድቁት ደግሞ ቅዳሜ መኪናው ይምጣ፤ እንደነገርኳችሁ በራችን ክፍት ነው። ሆኖም ሰፈራችን ተሰብስቦ የራሱን ውሳኔ ወስኗል። ጣሪያ የሌለው አልጋ ሁሉ አደጋ ከሆነ፣ ለአደጋ የተጋለጥነው ሁላችንም ነንና ማንም ከጥበቃችሁ እንዳይቀር፣ ዓርብ ማታ እያንዳንዱ ቤት አልጋውን ከግቢ አውጥቶ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። ከዱኒያ በር እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ አልጋ ይሆናል። መኪናው አንዱን ለመውሰድ በሁላችን ላይ ማለፍ ስለማይችል ሁላችንንም ይጫን፤ ስለዚህ ስትልኩ ትልቅ መኪና ላኩ። ጋሽ ጢሞቴዎስ፣ ሰማያዊ አጎበር ያለው አልጋ ግንቡ ሥር ብቻውን እንዳይቀር ቦታ ይዘንልዎታል። ከአብቲ ቀጥሎ ነው፤ እሱ አያንኮራፋም።

ስለ ትዕግሥታችሁ፣ ስለ አሳቢነታችሁ፣ ሳትጠሩ ስለ መምጣታችሁና ሳትጠየቁ ስለ መወሰናችሁ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዕድሜያችሁ እንዲረዝም፣ አንድ ቀን እናንተም ስታረጁና ቃል ሲጠፋባችሁ በላያችሁ ላይ የሚነጋገር ቦርድ እንዳይገጥማችሁ እየጸለይኩ፣

የሰብሳቢው ጎረቤት፣ የጸሐፊዋ መረጃ ሰጪ፣ የሐጂ ደንበኛ (እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ)፣
ፊርዶስ

ግልባጭ፦
ለመጋላ ልብስ ሰፊዎች፣ በረንዳቸው ላይ እንዲለጠፍ
ለሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለጋሽ ጢሞቴዎስ ባለቤት፣ ለማንኛውም እንዲያውቁት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት እናንተ ያልጠየቃችሁትን አብቲን እኔ ጠየቅኩት። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ፣ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማእከሉ ምን እንደሆነ፣ እኛ አብረነው እንደማንሄድ ቀስ ብዬ ነገርኩትና «ትሄዳለህ ወይ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «አልሄድም» አለ። ወደ እናቴ ዞሮ ያንኑ በሶማልኛ «ማ ታጋዮ» አለ። በር ላይ ቆማ ለምትሰማው ለዱኒያ ደግሞ ያንኑ በኦሮምኛ «ሂን ዴሙ» አላት። ለቃለ ጉባኤያችሁ የሚመቸውን መምረጥ የእናንተ ሥልጣን ነው።